የጋሽ ጣሰው ሁለት ፎልደሮች

ጋሽ ጣሰው በቤተክርስቲያናችን አስራ ሰባት ዓመት ሲያገለግል አንድም ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቦታው ከኋላ ነው፤ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ በጣውላ በታጠረችው ጠባብ የሚዲያ ክፍል። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ እኔ ሳውንዱ ላይ እንቀመጣለን። መዝሙር ሲዘመር ግጥሙን መስመር ጠብቆ የሚቀይረው፣ ማስታወቂያ የሚያወጣው፣ አምልኮውን በቀጥታ ወደ ዩቲዩብ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። አዲስ ሰው መጥቶ «ያ ከኋላ ያለው ሰውዬ ማነው?» ሲለን «ጋሽ ጣሰው ነዋ» እንላለን፤ ከዚያ በላይ የሚባል ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከከተማው ወጣ ብሎ ሪከንባከር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። ከባለቤቱ ከእትዬ እናናዬ ጋር ፎረስት ፓርክ ሰፈር ቤት ገዝተው፣ ሣሩን በየሳምንቱ እያጨዱ፣ ሔዋን የምትባል አንዲት ልጅ አሳድገዋል። ከሰው አይጣላም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ገመድ ጠቅልል ሲሉት ይጠቀልላል። እትዬ እናናዬ ግን ሰው ሲያመሰግነው በሰሙ ቁጥር «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ይላሉ። የሚቀልዱ ይመስለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ወጣቶችን የሚመለከቱ ሁለት ፎልደሮች አሉ። አንደኛው «ምሩቃን» ይባላል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ወላጆች የልጆቻቸውን ፎቶ ይልካሉ፤ ጥቁር ጋውን፣ ቆብ፣ ጥርስ ሁሉ የሚታይበት ሳቅ። ከሥሩ ስም፣ የተማሩት ትምህርት፣ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ አንድ ጥቅስ። ነርስ ሲወጣ እልልታው ይረዝማል። ኢንጂነር ሲወጣ የበለጠ ይረዝማል። በአንዱ ዓመት ሥዕል ያጠናች ልጅ ወጥታ ምዕመኑ ግራ ገብቶት ዘግይቶ አጨበጨበ።

ሁለተኛው ፎልደር «ጸሎት የሚያስፈልጋቸው» ይባላል። የታመመ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ የዘገየበት፣ ፍርድ ቤት የሚመላለስ እዚያ ይገባል። ኮሌጅ ያቋረጠ ልጅም እዚያው ነው። ይህንንም ፎቶ የሚልኩት ወላጆች ናቸው፤ ልጁ ይወቅ አይወቅ የጠየቀ የለም። እሑድ ከስብከት በኋላ ጋሽ ጣሰው ስላይዶቹን አንድ በአንድ ያወጣል። የጸሎት ክፍል ኃላፊዋ እትዬ ዓለምነሽ እንደወጣ ያነባሉ፣ እኛ አሜን እንላለን። አንዱ ስላይድ አስራ አንድ ሰከንድ ይቆያል። አስራ አንድ ያደረገው እሱ ነው፤ አስር ሲሆን እትዬ ዓለምነሽ አይደርሱበትም፣ አስራ ሁለት ሲሆን ሰው ይሰለቻል ይላል።

ዕቃ የሚያራግፍ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ ሽማግሌ የሚያጥብ ልጅ እንግዲህ ወይ በሁለተኛው ፎልደር ይገባል፣ ወይ የትም የለም። አጨብጫቢው ግን እኮ ግማሹ ከመጋዘን የመጣ ነው፤ እኔ ራሴ አስር ዓመት ሣጥን አንስቻለሁ። የራሳችን ልጅ ሲሆን ነው የሚከብደን።

በፈረንጆቹ 2022 ሔዋን የነርስነት ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቆመችና አባቷ የሚሠራበት መጋዘን በማታው ፈረቃ ተቀጠረች። ሃያ ዓመቷ ነበር። የታመመ የለ፣ የታሰረ የለ፤ ደም ማየት አልችልም አለች፣ አበቃ። ጋሽ ጣሰው ሦስት ሳምንት ጠበቀ። በአራተኛው እሑድ ፎቶዋን በሁለተኛው ፎልደር ከተተ። ከሥሩ «ሔዋን ጣሰው፦ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ» ብሎ ጻፈበት።

ፎቶውን አስታውሰዋለሁ። መኪና ውስጥ ናት፣ የሹራቧ ኮፍያ ግንባሯ ድረስ ወርዷል፣ አንገቷን ደፍታ ስልኳን ታያለች። እትዬ ዓለምነሽ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው ስሟን ጠሩ። እኔም ማይኩን ትንሽ ከፍ አደረግሁላቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ሥራዬን የሠራሁ ነው የመሰለኝ።

ሔዋን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ በመሃል መተላለፊያው በኩል በእኛ አጠገብ አልፋ ወጣች። አባቷን አላየችውም። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። በወሩ ዌስተርቪል ከጓደኛዋ ጋር አፓርትመንት ተከራይታ ከቤት ወጣች።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ይረሳ ነበር። የዚያን ቀን ግን ከሌላ ስቴት የመጣ ተጋባዥ ሰባኪ ነበር፣ ስብከቱም በጣም ተወደደ። ቪዲዮው ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ታየ። አንድ ቀን ዌስተርቪል የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት ሔዋንን ክንዷን ይዛ፣ በደግነት፣ «አንቺ ያቺ የተጸለየልሽ ልጅ አይደለሽም? ተመለስሽ?» አለቻት። ሔዋን በዚያው ቀን ለአባቷ ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ አስራ አንዷን ሰከንድ ከቪዲዮው ቁረጣት።

መቁረጡ ቀላል ነው፤ ለጋሽ ጣሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ግን ሕግ አለ። ከዚያ በፊት አንድ ወንድም የሰጠውን ምስክርነት ቁረጡልኝ ብሎ ሽማግሌዎቹን ሲያስቸግር «የተላለፈ አይነካም፤ አንዴ መቁረጥ ከጀመርን ማቆሚያ የለውም» ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ጋሽ ጣሰው ራሱ ነበር። ሽማግሌዎቹም ወደዱት፣ ጸደቀ። አሁን ለራሱ ልጅ ሕጉን ሊያስፈርስ አፈረ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አላት።

ስልኩን ዘጋችበት። ሦስት ዓመት ሙሉ በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት እሱ ሲወጣ እሷ ስትገባ በአንድ በር ተላለፉ። «ሃይ ዳድ» ትለዋለች፤ «ደህና ዋልሽ» ይላታል። አሥር ጊዜ ሲደውል አንዴ ታነሳለች። እናቷን ታያለች፣ እሱ ቤት ካለ ግን አትገባም። እትዬ እናናዬ ለሁለቱም አልፈረዱም፤ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ምሳውን እየሰጡት «እንደምን አድርገህ እንደምትመልሳት አንተ ታውቃለህ» ይሉታል። እሱ ግን አያውቅም ነበር።

ባለፈው ግንቦት ወሰንየለሽ የምትባል እህት ለወጣቶች ኮንፈረንስ ከለንደን መጣች። በልጅነቷ ነው እንግሊዝ የገባችው፤ ሥራዋ የድሮ የቴሌቪዥን ፊልሞችና የጋዜጣ ፎቶዎች የሚቀመጡበት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ መንፈስ ፍሬ ታስተምራለች ብለን ስንጠብቅ «የሠራተኛ ልጅ እንዴት እንደሚታይ ላሳያችሁ» አለች። ወጣቶቹ ነቃ አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ስላይዱን የሚቀይርላት ጋሽ ጣሰው ነበር።

መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ አንድ የእንግሊዝ የፋብሪካ ልጅ አወጣች። እጁ በዘይት ጠቁሯል፣ ካሜራውን ፊት ለፊት ያያል። «የዛሬ ስልሳ ዓመት ፊልም የሚሠራው ሁሉ የፋብሪካ ልጅ ፍቅር ይዞት ነበር» አለች። «ቀጥል።» ሃያ ዓመት ቆይቶ ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ልጆቹ መንገድ ዳር ቆመዋል፣ የተነሱት ከሩቅ ከፎቅ ላይ ስለሆነ ፊት የላቸውም። «ቀጥል።» ቀጥሎ የሚያስቁ ድራማዎች መጡ፤ የስፖርት ቱታ የለበሰ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ አነጋገሩ የሚያስቅ ልጅ፣ ሀገር ሁሉ የሚስቅበት። በዜናው ደግሞ ያው ልጅ የሚያስፈራ ሆነ። ከዚያ ወረርሽኙ ሲመጣ ምግብ የሚያደርሰው ባለ ብስክሌት ጀግና ተባለ፣ በየበሩ ተጨበጨበለት፤ በዓመቱ ተረሳ።

«ልጆቹ ያው ናቸው» አለች። «የእኔ ጎረቤቶች ናቸው፣ አብሬያቸው ነው የተማርኩት። ቀጥል።»

ቀጥሎ የወጡት ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ነበሩ። አንድ ልጅ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ፎቶ አንሺ። በግራው አይስክሬም ይዞ ከታናሽ እህቱ ጋር ይስቃል። በቀኙ ንፋስ ነፍሶ ኮፍያውን ወደ ፊቱ ስቧል፣ አንገቱን ደፍቷል። ጋዜጣው ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች ለሚያወራ ዜና ፎቶ ፈልጎ ቀኙን አወጣ።

«ልጁ ምንም አላደረገም» አለች። «ማንም አልዋሸም፣ ሁለቱም እሱ ነው። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከሁለቱ ይሄኛውን መረጠ። ቀጥል።»

ስላይዱ አልተቀየረም። «ቀጥል» አለች ድጋሚ። ዞር ብዬ ጋሽ ጣሰውን በክርኔ ነካሁት። እጁ ማውሱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ቀኙ ፎቶ ላይ ቀርቷል።

ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ገመድ ስንጠቀልል እንዲህ አለኝ፦ «አንድርያስ፣ ስልኬ ውስጥ ስትስቅ የተነሳችው አርባ ፎቶ ነበረኝ።» ገመዱን መሬት አስቀመጠና «እያንዳንዱን አልፌ አልፌ ነው ያንን ያገኘሁት» አለ።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎልደር ከፈተ። «ሠራተኞች» አለው። የሽማግሌዎቹን ሰብሳቢ ወንድም ዓባይነህን ጠይቆ፣ ወንድም ዓባይነህም «ታዲያ ሌላው ልጅ ከዚህ ምን ይማራል?» ብሎ ትንሽ አንገራግሮ፣ አጭር ከሆነ ይሁን ብሎ ፈቀደ። ጋሽ ጣሰው ለወላጆች መልእክት ላከ፤ ዘጠኝ ፎቶ መጣለት። አንድ ወር ሙሉ አስተካከላቸው። አሥረኛዋ ሔዋን እንድትሆን ነበር ልቡ፤ መሃል ላይ፣ ፎርክሊፍቷ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። እሷ በበኩሏ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ነጂዎችን የምታሠለጥን ሆናለች።

ፎርክሊፍት ነጂ በየሦስት ዓመቱ ይፈተናል። የጋሽ ጣሰው ተራ የደረሰው በሰኔ መጀመሪያ ነበር፤ ፈታኙ ሰውዬ ቀርቶ ተተኪዋ ሔዋን ሆነች። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ቢጫ ጃኬት ለብሳ ወረቀት ይዛ ቆመች። ዕቃ የተደረደረበትን ፓሌት አነሳ፣ መታጠፊያው ላይ ጥሩምባ ነፋ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ማርሹን ቀየረ።

«ስቶፕ» አለችው። «ዳድ፣ ሳታይ ወደ ኋላ ልትሄድ ነበር። ሰው ቢኖርስ?»

«መስታወቱን አይቻለሁ።»

«መስታወት አይበቃም። ዞር ብለህ እይ። ዱ ኢት አጌን።»

ዞር ብሎ አየ፣ ተመለሰ፣ አለፈ። ወረቀቱን ስትሞላ ቆሞ ጠበቃትና የሠራተኞቹን ፎልደር ነገራት። እዚሁ፣ በዚሁ ጃኬት አንድ ፎቶ ላንሳሽ አላት። ሔዋን ብዕሯን አቆመች።

«ፈርስት ሳድ ገርል፣ የሚታዘንላት ልጅ አደረግከኝ» አለችው ድምፅዋን ሳታነሳ። «ናው ሂሮ ልታደርገኝ ነው? ዩ ኔቨር አስክድ ሚ፣ ዳድ። እነዛን ልጆችስ ጠየቅሃቸው?»

«ወላጆቻቸው ላኩልኝ።»

«ኦፍ ኮርስ።» ወረቀቱን ሰጠችው። «አይ ጀስት ዎንት ኢት ጎን። እንዲጠፋ ብቻ ነው የምፈልገው። ሦስት ዓመት ነግሬሃለሁ።»

ጋሽ ጣሰው በዚያ ሳምንት ዘጠኙን ልጆች ለየብቻ እየደወለ ጠየቃቸው። ስድስቱ አይሆንም አሉ፤ አንዱማ እናቱ ፎቶውን መላኳን ሲሰማ ተናደደ። ሦስቱ እሺ አሉ። ሐሙስ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበ። ለአስራ ሰባት ዓመት ከኋላ ያያቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ሲያገኛቸው መናገር አቃተው አሉ፤ በመጨረሻ «ቪዲዮውን ልቁረጠው» ብቻ አለ።

«ራስህ ያወጣኸው ሕግ ነው እኮ ጣሰው» አለው ወንድም ዓባይነህ። «ለአንተ ልጅ ብለን ከሻርነው ነገ ለማን እንከለክላለን?»

«ልክ ነው» አለ ጋሽ ጣሰው። ይለፍ ቃሉ በእጁ ነው፤ ቤቱ ገብቶ ቢቆርጠው የሚያውቅበት አልነበረም። እኔም እንዲህ ብዬው ነበር። «በስርቆሽ ከቆረጥኩት ስህተት ነበር አላልኩም ማለት ነው» አለኝ።

የምረቃው እሑድ ደረሰ። ምሩቃኑ ወጡ፤ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አምስት የሁለተኛ ደረጃ ልጆች። እልልታው ቀለጠ። ከእነሱ ቀጥሎ ሦስቱ ሠራተኞች ወጡ። ሰው እርስ በርሱ ተያየና አጨበጨበ። ጭብጨባው አጭር ነበር፤ ከኋላ በኩል ግን አንድ አባት ብቻውን ቆሞ ሌላው ካቆመ በኋላም ቀጠለ።

ከስብከት በኋላ የጸሎት ሰዓት ሆነ። እትዬ ዓለምነሽ ማይኩን ያዙ። አንድ የታመመ አነበቡ፣ አንድ ወረቀት የዘገየባት አነበቡ። ሦስተኛው ስላይድ ወጣ፣ እሳቸውም እንደልማዳቸው ቀድመው ሳያዩ ጀመሩ።

«ወንድም ጣሰው...» አሉና ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

ፎቶው የመጋዘን መታወቂያው ነበር። አንድ ዓይኑ ተከድኗል፣ አፉ ግማሽ ተከፍቷል፣ ካሉት ፎቶዎች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ከሥሩ «ሳይጠይቅ የሰው ፎቶ ስላወጣ፣ ማውረድም ስላቃተው» ይላል። የማንንም ስም አልጻፈም። አዳራሹ ውስጥ የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

እትዬ ዓለምነሽ ጮክ ብለው ጨረሱት፤ ለሰባ ዓመት ሴት ጉልበት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው በአዳራሹ ርዝመት ሁሉ ወደ እኛ አዩ። ሰውም እንደ አንድ ሰው ዞረ። ጋሽ ጣሰው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተነስቶ ቆመ። የሚሸሸግበት አልነበረውም፣ ለመሸሸግም አልሞከረም። ለተጠየቀ ጸሎት አይከለከልምና ተጸለየለት። አስራ አንዱ ሰከንድ አለፈ፣ ስላይዱን አልቀየረውም፤ አሜን እስኪባል ድረስ አራት ደቂቃ ያህል ፊቱ እዚያ ግድግዳ ላይ ቆየ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አለቀስኩ፤ የክፍላችንን ማይክ ዘግቼ ስለነበር ማንም አልሰማኝም።

አምልኮው ሲያበቃ ወንድም ዓባይነህ ወደ ጣውላዋ አጥር መጣ። የራሱ ልጅ፣ ኤልናታን፣ አይሆንም ካሉት ስድስት አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ትንሽ አየና «ቁረጠው» አለ። «ሕጉንም ጨምረህ።»

በዚያው ከሰዓት ቆረጠው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ቪዲዮው አሁንም አለ፣ ስብከቱም አለ፤ እትዬ ዓለምነሽ ከአንድ የታመመ ሰው በቀጥታ ወደ ሌላው ያልፋሉ። የማያውቅ ሰው የጎደለ ነገር መኖሩን አይጠረጥርም። ለልጁ የጻፈላት መልእክት «ወርዷል» የሚል አንድ ቃል ነበር።

ረቡዕ በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት በሩ ላይ ተገናኙ። እንደወትሮው «ሃይ ዳድ» ብላ ታልፋለች ብሎ ዳር ያዘላት። አላለፈችም፤ ፊቱ ቆመች።

«የአንተን ፎቶስ መቼ ነው የምታወርደው?» አለችው በአማርኛ። «አፍህን ከፍተህ ነው እኮ ያለኸው። ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ እየላከልኝ ነው።»

«የእኔ ይቆይ» አላት። «እኔን ጠይቄያለሁ።»

ሔዋን ሳቀች። እንደነገረኝ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ ቢጫ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ የሰኔ ፀሐይ ፊቷ ላይ እያረፈ ነው የሳቀችው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣውም።